ከታቹ የሚጠቁረው ቲማቲም መድኃኒት አይፈልግም

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። በጥር መጀመሪያ በግቢዬ አሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ተከልኩ፤ ሞላላው ዓይነት ነው። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ፍሬውም ብዙ ይዟል። ነገር ግን ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ከታች በኩል እየጠቆረ ይሰረጉዳል። ጎረቤቴ ምች ነው ስላለችኝ ከገበያ በትንሽ ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ገዝቼ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ሥሩ ላይ ጨመርኩ፣ አመድም ነሰነስኩበት። በእኛ ሠፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ በመጣ ቀን አጠግበዋለሁ። የጠቆረውን ቆርጠን ብንጥል ቀሪው ይበላል? ጤነኛውንስ ስልስ ሠርቼ፣ በላዩ ዘይት አፍስሼ፣ በማርማላታ ጠርሙስ እስከ ክረምት ባስቀምጠው ይቆይልኛል?»

ምች አይደለም። በፈንገስ፣ በባክቴሪያ ወይም በተባይ የመጣም አይደለም። ስለዚህ የረጩት መድኃኒት ምንም ዓይነት ቢሆን ሊያድነው አይችልም ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ አይርጩ። ችግሩን የፈጠረው ራስዎ በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠቀሱት ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠግብ፣ በቀሩት ቀናት የሚጠማ ተክል።

የቲማቲም ፍሬ የሕዋሳቱን ግድግዳ የሚያጠነክርበት ማዕድን ካልሲየም ነው። ፍሬው ገና ትንሽ ሆኖ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ካልሲየም በበቂ መጠን ካልደረሰው በታችኛው ጫፍ ያሉት ሕዋሳት ይፈርሳሉ። በመጀመሪያ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ደብዛዛ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ደርቆ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጉዳቱ ዓይን ላይ የሚታየው ከደረሰ ከቀናት በኋላ ነው። ዛሬ የሚያዩት ጥቁረት ፍሬው አውራ ጣት በማያህልበት ጊዜ የደረሰበት ጥማት ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «እንግዲያው አፈሬ ካልሲየም የለውም» ብለው ይደመድማሉ፤ የእንቁላል ቅርፊቱም የመጣው ከዚህ ድምዳሜ ነው። በስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ይህ እምብዛም እውነት አይሆንም። በአካባቢያችን አፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም አያንሰውም። በቤትዎ መሞከር ይችላሉ፤ ካልነካኩት ቦታ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ወስደው ጥቂት ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት። ከተንሸጨሸጨ በውስጡ ኖራ አለ ማለት ነው፤ ኖራ ደግሞ የካልሲየም ውሕድ ነው። ባይንሸጨሸጭም ካልሲየም የለውም ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ማዕድኑ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን ወደ ፍሬው መድረስ አለመድረሱ ነው።

ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ሥሩ ከሚስበው ውኃ ጋር ብቻ ነው። ውኃው ደግሞ በብዛት የሚሄደው ብዙ ወደሚተንበት ክፍል፣ ማለትም ወደ ቅጠሉ ነው። የፍሬው ቆዳ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው በጣም ጥቂት ውኃ ነው የሚያተነው፤ በዚህም የተነሳ የሚደርሰው ድርሻ አነስተኛ ነው። የፍሬው ታችኛው ጫፍ በቧንቧ መስመር መጨረሻ ላይ እንዳለ ቤት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየም ደግሞ ተመልሶ ወደ ፍሬ አይወርድም። በቅጠል ላይ የሚረጭ የካልሲየም ማዳበሪያ የሚሸጡ ሰዎች ተስፋ ቢሰጡዎት ገንዘብዎን አያውጡ፤ ቅጠሉ የጠገበውን ፍሬው አያገኘውም።

አዳማ ለዚህ ችግር የተመቸች ከተማ ናት። ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱም አያርፍም። በከተማዋ ዙሪያ በኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ በግቢዎ ውስጥ ከቅጠሉ ላይ ውኃን ያለ ማቋረጥ ይወስዳል፤ ሥሩ የሚስበው ሁሉ ወደ ቅጠሉ ይሮጣል። በብዙ ሠፈሮች ደግሞ አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋ የበዛበት ስለሆነ ውኃ ቶሎ ያሰርጋል። በዚህ ላይ የመረጡት ሞላላው ዓይነት ለስልስ ተወዳዳሪ ባይኖረውም ከክቡ ይልቅ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ትንንሽ ክብ ፍሬ የሚሰጡት የቼሪ ቲማቲሞች ግን በዚህ ችግር እምብዛም አይጠቁም። ቃሪያ ከተከሉ እሱም በተመሳሳይ መንገድ ከጫፉ አካባቢ ሊጠቁር ይችላል፤ መንስኤውም መፍትሔውም አንድ ነው።

ውኃ በመጣ ቀን ማጥገብ ጥማቱን አያካክስም። አሸዋማ አፈር የሚይዘው ውኃ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በላይ ያፈሰሱት ሥሩ ከማይደርስበት ጥልቀት በታች ይወርዳል፣ ከማዳበሪያዎም የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አፈሩ ይደርቃል፣ የካልሲየሙ ጉዞም ይቆማል። በአራተኛው ቀን እንደገና ይጥለቀለቃል። ጥማቱ ፍሬውን ከታች ያጠቁረዋል፤ ከጥማት በኋላ በድንገት የሚመጣው ጥጋብ ደግሞ ሊበስል የተቃረበውን ከላይ ይሰነጥቀዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ድንገት የሚጥለው የበልግ ዝናብም ደረቅ አፈር ላይ ሲወርድ ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ተጨማሪ ውኃ ሳይሆን የተከፋፈለ ውኃ ነው። በረድፎች መካከል አንድ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ የተተከለ፣ ፍሬ የያዘ ቲማቲም በዚህ ወቅት በቀን ወደ ሁለት ሊትር ውኃ ይፈልጋል። አሥራ ሁለቱ ተክሎችዎ በጠቅላላው ሃያ አራት ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን በቀን ይበቃቸዋል። ቧንቧው እስከ አራት ቀን ቢጠፋ እንኳ የሚያስፈልግዎ መቶ ሊትር ነው፤ የአንድ መደበኛ በርሜል ግማሽ። አንድ በርሜል ለአትክልቱ ብቻ ይለዩ፣ ውኃ በመጣ ቀን ይሙሉት፣ ክዳን ያድርጉለት፤ ትንኝ እንዳይራባበትና ሕፃናት እንዳይደርሱበት ክዳኑ ግዴታ ነው። ከዚያ በየማለዳው ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ሊትሩን ይስጡ። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ በየሁለት ቀኑ አራት ሊትር ማድረግ ይቻላል፤ አሸዋማ ከሆነ ግን በየቀኑ መሆን አለበት። ማረጋገጫው ጣትዎ ነው፤ ጣትዎን እስከ መጨረሻው አፈሩ ውስጥ ሲያስገቡ ጫፉ እርጥበት ማግኘት አለበት፣ ጭቃ ግን መሆን የለበትም። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ትንሽ ጠውልጎ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ማታ ከተነሳ ደህና ነው። በማለዳም ጠውልጎ ካደረ ግን ተጠምቷል፣ አለዚያም ሥሩ ታሟል።

ውኃውን ከላይ ቅጠሉ ላይ አያፍስሱ። ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ወስደው በክዳኑ ላይ በጋለ መርፌ ሁለት ቀዳዳ ይብሱ፣ መቀመጫውን ይቁረጡ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ክዳኑን ወደ ታች አድርገው ሩብ ያህሉን ይቅበሩት። ማለዳ ሲሞሉት ቀስ እያለ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል፣ መለኪያም ይሆንልዎታል። በላዩ ላይ ጉዝጓዝ ይጨምሩ። ደረቅ ሣር፣ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ቆራርጦ መጠቀምም ይቻላል። ውፍረቱ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከግንዱ ግን አራት ጣት ያህል ይራቅ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚፈጽሙ ቢሆን ጉዝጓዙን ምረጡ እላለሁ፤ የአዳማን ፀሐይና ነፋስ ከአፈሩ ላይ የሚያነሣልዎት እሱ ነውና። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ደግሞ አንድ ረድፍ በቆሎ ወይም በእንጨት የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢት ብታቆሙ ቅጠሉ የሚያባክነው ውኃ ይቀንሳል።

ውኃ ሲያጥር የቤት ውስጥ እጣቢ ለአትክልት ማዋል ብልህነት ነው፤ ምስር፣ ሩዝና ጎመን የታጠበበት ውኃ ምንም አይልም። በዱቄት ሳሙና ልብስ የታጠበበትን ግን ቲማቲሙ ላይ አያፍስሱ። በውስጡ ያለው ሶዲየም አፈሩን ጨዋማ ያደርገዋል፤ ጨው የበዛበት አፈር ደግሞ እርጥብ እያለ እንኳ ሥሩ ውኃ መሳብ እንዲያቅተው ያደርጋል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለ አፈርና የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮው ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲዳማነት ተቃራኒ፣ ያዘነበለ ስለሆነ ተጨማሪ ሸክም አያስፈልገውም። በዚሁ ምክንያት አመዱን ያቁሙ። አመድ አሲዳማ አፈር ባለበት ደጋ ሊጠቅም ይችላል፤ እዚህ ግን አልካላይነቱን ያባብሳል፣ የሚጨምረው ፖታሲየምም ከካልሲየሙ ጋር በሥሩ በር ላይ ይሻማል። የእንቁላል ቅርፊቱ ጉዳት የለውም፤ ግን አፈር ውስጥ ለመሟሟት ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። ዘንድሮ ለተከሉት ቲማቲም አይደርስለትም።

ቅጠሉ በጣም ለምለም ነው ማለትዎ አንድ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል። ዩሪያ ወይም ትኩስ የዶሮ ኩስ ጨምረው ከሆነ ከአሁን በኋላ አይጨምሩ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ከልክ በላይ ይንሰራፋል፤ የሚንሰራፋው ቅጠል ከፍሬው ጋር የሚሻማ ተጨማሪ አፍ ነው። ቅጠሉን ገፍፎ ማራቆት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ፍሬ በጎኑ ይነጣል፣ ይቃጠላል። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ብብት የሚወጡትን አዳዲስ ቀንበጦች ገና ትንሽ ሳሉ በጣት መቀንጠብ ይበቃል። አረም ሲያዩም በዶማ ሥሩ አጠገብ አይኮትኩቱ፤ ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ናቸውና በእጅ ይንቀሉት።

አሁን ስለ ምች። ጎረቤትዎ የጠቀሱት በሽታ እውነተኛና አደገኛ ነው፤ የድንችና የቲማቲም ማሳን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያወድም ይችላል። ነገር ግን ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፤ በአዳማ የሚያሰጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው እንጂ በደረቁ መጋቢት አይደለም። ሲመጣም መጀመሪያ የሚታየው ቅጠልና ግንድ ላይ ነው። በውኃ የራሰ የሚመስል ቡናማ ጠባሳ ይወጣል፣ በእርጥብ ማለዳ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል። ፍሬው ላይ ሲያርፍም አብዛኛውን ጊዜ ከላይና ከጎን ነው። የእርስዎ ቅጠል ጤነኛ ነው፣ ጉዳቱም ሁልጊዜ ከታች ብቻ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም። ፍሬው ላይ ቀዳዳ ካዩ፣ ቅጠሉም ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጠባሳ ካለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በ2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ አገራችን የገባው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ሊሆን ስለሚችል የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ ለቅመው በላስቲክ ቋጥረው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፤ ግቢው ውስጥ አይጣሉት።

ከጥቁረቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የረጩት ነገር ነው። ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ በትንሽ ጠርሙስ የተሸጠ መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑ፣ ከርጭት በኋላ ፍሬው ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀናት ብዛት የተጻፈበት ወረቀት የለውም። እነዚህ ቀናት ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያሉ፤ ለአበባ ወይም ለጥጥ የተዘጋጀ ሆኖ ለምግብ ተክል ጨርሶ የማይፈቀድም ሊሆን ይችላል። በውኃ ማጠብ ሁሉንም አያስወግድም። ስለዚህ ምክሬ ጠንካራ ነው፤ በረጩበት ቀን ተክሉ ላይ የነበረውን ፍሬ አይብሉ፣ ለልጆች አይስጡ፣ ለዶሮም አይጣሉ። ከዚያ በኋላ ካበበው የሚገኘውን ይጠብቁ። መሸጫውን ጠይቀው ዋናውን ዕቃ ማየት፣ በላዩ የተጻፈውን ማንበብና ለቲማቲም የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ ከቻሉ በዚያ መሠረት ይወስኑ። የተረፈውን ወደ ፍሳሽ አይድፉ፤ ምግብ ወይም መጠጥ በነበረበት ጠርሙስም አያስቀምጡ።

መድኃኒት ያልነካው ቲማቲም ከታች ቢጠቁር ቀሪው ክፍል ይበላል። ጥቁረቱ መርዝ አይደለም፣ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላውም አይተላለፍም። ከጥቁሩ አንድ ጣት ያህል አልፈው ጤነኛውን ጨምረው ይቁረጡ፤ ውስጡ ከጠቆረ፣ ሻጋታ ካለው ወይም ከሸተተ ሙሉውን ይጣሉ። የሞተው ክፍል ለሻጋታ በር ስለሚከፍት እንዲህ ዓይነቱን ፍሬ በዚያው ቀን ይጠቀሙበት። ለክረምት ለሚቀመጥ ግን አይሁን። ተክሉ ላይ ገና አረንጓዴ ሆኖ የጠቆረውንም ዛሬውኑ ቀንጥሰው ያስወግዱት፤ አይድንም፣ የሚቀረውን ፍሬ ምግብ ግን ይሻማል።

ለዕለት ምግብ የሚለቀመውን ቲማቲም ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ተክሉ ላይ አይጠብቁት። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቲማቲሙን የሚያቀላው ቀለም በደንብ አይሠራም፤ ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ጫፉ ሮዝ ማለት እንደ ጀመረ ለቅመው ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ክፍል ውስጥ በአንድ ረድፍ ቢደረድሩት በጥቂት ቀናት ውስጥ እኩል ይቀላል፣ ጣዕሙም አይጎድልም፤ ከወፍና ከመሰንጠቅም ይተርፋል። ሳይበስል ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡት። ከ12 ዲግሪ በታች መዓዛውን የሚሰጡት ነገሮች ይጠፋሉ፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል።

በጾም ወቅት ስልሱ የማዕዱ ዋና ስለሚሆን ሁለት ነገር ልጨምር። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ቲማቲም አይጨምሩ፤ የቲማቲሙ አሲድ ሽንኩርቱ እንዳይለሰልስ ያግደዋል፣ ከዚያ በኋላ ሰዓት ሙሉ ቢያንተከትኩት እየተንኮሻኮሸ ይቀራል። ምስርና አተር ክክም እንዲሁ ናቸው፤ መጀመሪያ ይብሰሉ፣ ቲማቲሙ ይከተል። ሁለተኛው፣ የሞላላው ቲማቲም ጥቅም ሥጋው ብዙ ውኃው ጥቂት መሆኑ ነውና ክዳኑን ከፍተው በመጠነኛ እሳት ያትንኑት። ዘይት ማከል ጣዕም ብቻ ሳይሆን የቀዩን ቀለም ጠቃሚ ንጥረ ነገር ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ለጥሬው ሰላጣ ደግሞ ጨውና ሎሚውን ወደ ማዕድ ሲቀርብ ይጨምሩ፤ ቀድሞ የገባ ጨው ውኃውን ሁሉ አውጥቶ ሰላጣውን ሾርባ ያደርገዋል።

ስልሱን ዘይት አልብሰው በማርማላታ ጠርሙስ እስከ ክረምት ማቆየት ግን አይሆንም። በዚህ ላይ «እኛ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ምንም ሆኖብን አያውቅም» የሚል መልስ እሰማለሁ። አንድ ቤት ለዓመታት ማምለጡ ደኅንነቱን አያረጋግጥም። አፈር የነካው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትል ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። ይህ ዘር በፈላ ውኃ አይሞትም፤ አየር በሌለበትና አሲዱ ባነሰበት ቦታ ያድጋል፣ መርዝም ያመነጫል። ከላይ ያፈሰሱት ዘይት ደግሞ አየሩን ይዘጋለታል። ቲማቲም ብቻውን በአሲዳማነቱ ድንበር ላይ ያለ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ሲጨመሩበት ድንበሩን ሊያልፍ ይችላል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ቀምሶ መለየት አይቻልም። በዚህ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ የማሸጊያ ጊዜ እዚህ ያጥራል።

ያለ ማቀዝቀዣ በጠርሙስ ማስቀመጥ የሚቻለው ተላጦ የተፈጨ ወይም የተደቆሰ ንጹሕ ቲማቲም ብቻ ነው፤ ሽንኩርትም ዘይትም ሳይገባበት። ለአንድ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። የትኩስ ሎሚ ኮምጣጣነት ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ መለኪያ አይሆንም። ከዚያ በትኩሱ በማሸጊያ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ሙሉ በሙሉ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ጠልቆ፣ በእኛ ከፍታ ለባለ አንድ ሊትሩ 55 ደቂቃ መቀቀል አለበት። አየር የማያስገባ አዲስ ክዳን ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ ያገለገለ የማርማላታ ክዳን እንዲህ ያለ እምነት አይጣልበትም። ለዚህ የተሠሩ ጠርሙሶችና ክዳኖች ከሌሉዎት ይህን መንገድ ይተዉት።

ለእርስዎ የምመክረው ፀሐዩን ነው። በመጋቢት አዳማ ቲማቲም ለማድረቅ የሚያስፈልገው ሁሉ አላት፤ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት፣ ደረቅ አየር፣ ነፋስ። ሞላላውን ጤነኛ ቲማቲም አጥበው በቁመቱ ለሁለት ወይም ለአራት ይሰንጥቁ፣ በውስጡ ያለውን ዘር በማንኪያ ያውጡ፣ ጥቂት ጨው ይነስንሱ፣ በንጹሕ ሰፌድ ወይም በወንፊት ሽቦ ላይ የተቆረጠውን ወደ ላይ አድርገው ያስጡ። አቧራና ዝንብ እንዳይደርስበት በስስ ነጠላ ወይም በመረብ ይሸፍኑት፤ ከመንገድ ዳር ይልቅ ጣሪያ ወይም በረንዳ ይሻላል። ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት፣ አለዚያ የሌሊቱ እርጥበት የቀኑን ሥራ ይመልሰዋል። በሁለት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ሲታጠፍ የማይጣበቅ፣ ሲጨመቅ እርጥበት የማይሰጥ ይሆናል። ቀዝቅዞ በጠርሙስ ከገባ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እየነቀነቁ ይመልከቱት፤ በጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ካዩ አልደረቀምና ወደ ፀሐይ ይመልሱት። ቲማቲም ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ከአሥር ኪሎ አንድ ኪሎ እንኳ አይወጣም፤ ግን ያ ጥቂቱ በክረምት ቲማቲም ሲወደድ ተዘፍዝፎ ለስልስ፣ ተፈጭቶ ለሽሮ ይሆናል። የደረቀውንም ቢሆን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ፤ አደጋው ያው ነው።

በረዶ ቤት ካለዎት ደግሞ የተሠራው ስልስ ለጥቂት ወራት ይቆያል፤ ቀዝቅዞ በአንድ ቀን ምግብ መጠን በላስቲክ ተከፋፍሎ ይግባ። መብራት ቢጠፋ የሞላ በረዶ ቤት ሳይከፈት ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሆነ አንድ ቀን ያህል ይዞ ይቆያል። በተራው ማቀዝቀዣ ግን ስልስ ከሦስትና ከአራት ቀን አይለፍ።

ለሚቀጥለው ዓመት ወቅቱን ይቀይሩ። በጥር የተተከለ ቲማቲም ፍሬ የሚይዘው ሙቀቱና ነፋሱ በሚከፋበት ጊዜ ነው። ዘሩን በመስከረም አጋማሽ መደብ ላይ ቢያፈሉት ችግኙ በጥቅምት መጨረሻ ለተከላ ይደርሳል፣ ፍሬውም በቀዝቃዛው ኅዳርና ታኅሣሥ አድጎ ከጥር ጀምሮ ይለቀማል። ዘር ሲፈልጉ በቅርባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ መልካሳልሳና መልካሾላ ያሉ ዝርያዎች ይጠይቁ። ዘንድሮ ቲማቲም የነበረበትን መደብ በክረምት ጎመን ወይም ቆስጣ ይዝሩበት እንጂ ድንች፣ ቃሪያና ቲማቲም አይመልሱበት፤ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታ ይወራረሳሉ።

ውኃውን ዛሬ ማከፋፈል ቢጀምሩም አሁን ተክሉ ላይ ካለው ፍሬ ገና የሚጠቁር አይጠፋም፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷልና። ለውጡን የሚለኩት ከዛሬ በኋላ በሚቋጠረው ፍሬ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይስጡት። ጉዝጓዙም የየዕለቱ ውኃም ሳይጓደል ወር ሙሉ ቆይቶ አዲሱ ፍሬ አሁንም ከጠቆረ የሚጠረጠረው ጨው ነው። ያን ጊዜ ከመደቡ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት የተወሰደ አንድ ኪሎ አፈርና የሚያጠጡትን ውኃ አንድ ሊትር በንጹሕ ዕቃ ይዘው የአፈር ምርመራ ወደሚደረግበት ቤተ ሙከራ ይሂዱ፤ የጨውና የአልካላይነት ልኬት እንዲሠራልዎት ይጠይቁ።